ገበሬው አልነቃም ያለው ማነው?

ደሴ ሰኞ ገበያ የወጣ ገበሬ አምኖ ካወራችሁ ብዙ ትሰማላችሁ። ዩሪያ ለምን እንደተወደደ፣ ማዳበሪያው ለምን ዘር ካለፈ በኋላ እንደሚደርስ፣ ሊቀመንበሩ የማን ዘመድ እንደሆነ። ካላመናችሁ ደግሞ "እኛ ምን እናውቃለን ልጄ" ብሎ ያልፋችኋል።

ይኸው ሰው ኮምቦልቻ አዳራሽ ተጠርቶ "ግንዛቤ" ይሰጠዋል። ባነር ተሰቅሏል፣ የፕላስቲክ ውሃ ታድሏል፣ መድረክ ላይ ያለው ሰውዬ ማውራቱን አያቆምም። በመጨረሻ "ጥያቄ ካለ" ሲባል አንድ አባት ተነስተው ስለ መንገድ ይጠይቃሉ። "ከአጀንዳው ጋር አይሄድም አባቴ" ይባላሉ። ይቀመጣሉ። ሪፖርቱ ላይ "ግንዛቤ ተፈጥሯል" ተብሎ ይጻፋል።

ገበሬው አልነቃም፣ እናንቃው የማለት በሽታ የእኛ ብቻ አይደለም። ታንጋኒካ፣ የዛሬዋ ታንዛኒያ፣ በፈረንጆቹ 1961 ነፃ ስትወጣ የአዲሶቹ መሪዎች አንዱ ጭንቀት ገበሬውን ማንቃት ነበር። መሪው ጁሊየስ ኔሬሬ ራሳቸው መምህር ነበሩ። በደቡብ፣ ሩቩማ ያሉ ገበሬዎች ግን አዳራሽ አልጠበቁም። ሊቶዋ ከምትባል መንደር ጀምረው በፈቃዳቸው ተሰባሰቡ። አብረው አረሱ፣ ምን እንደሚዘራና ትርፉ እንዴት እንደሚከፈል ተሰብስበው ወሰኑ፣ ትምህርት ቤትም ከፈቱ። ኔሬሬም ወደዷቸው። በ1969 ግን የገዢው ፓርቲ ማዕከላዊ ኮሚቴ ማኅበራቸውን አፈረሰው። ከ1973 በኋላ ደግሞ ሚሊዮኖች፣ ብዙዎቹ በግድ፣ ወደ መንደር ተሰበሰቡ።

ልብ በሉ፣ ሁለቱም መንደር ነው። አንዱን ገበሬው ወሰነው፣ ሌላውን ካድሬው።

ወሎዬ ይህን ታሪክ ለመረዳት አስተርጓሚ አይፈልግም። የካቲት 1967 ዓ.ም. የወጣው የመሬት አዋጅ ጭሰኝነትን አስቀረ፣ የገበሬ ማኅበርም ተቋቋመ። "ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ" እየተባሉ ያደጉ ሰዎች በማኅበሩ ፍርድ ሸንጎ ተቀምጠው ፈረዱ። ብዙ ሳይቆይ ያው ማኅበር የእህል ኮታ ሰብሳቢና ለጦርነቱ ምልምል አቅራቢ ሆነ። በ1977ቱ ድርቅ ጊዜ ደግሞ የሰፈራ መዝጋቢ። ገበሬው ስብሰባ ላይ ዝም ማለትን ከዚያ ተማረ። እሱም ፖለቲካ ማወቅ ነው፣ እኔን ከጠየቃችሁኝ።

ስለዚህ ለቀጣዩ ሥልጠና አበል ከተያዘ ይቅርና ሌላ ነገር ይሞከር። ማዳበሪያ ስንት ኩንታል ገባ፣ ለማን ተሰጠ፣ በስንት ብር፣ ቀበሌው በር ላይ ይለጠፍ። ማንበብ የማይችል ልጁን ያስነብባል።