የስምንቱ ጨዋታዎች ክርክር

ባለፈው ቅዳሜ ቡና ላይ የተቀመጥን አራት ሰዎች፣ እ.ኤ.አ. በ2007 ካናዳና ሩሲያ ከ20 ዓመት በታች ቡድኖቻቸውን ስላጋጠሙበት የበረዶ ሆኪ ውድድር ስንከራከር አመሸን። ክርክሩን የጀመረው ልቡን ለካናዳ የሰጠው ወዳጃችን ነው። ከስምንቱ ጨዋታዎች ካናዳ ሰባቱን አሸንፋ በአንዱ አቻ መውጣቷን፣ የመጀመሪያዎቹ አራቱ ጨዋታዎች በሩሲያ ምድር፣ በኡፋና በኦምስክ፣ መደረጋቸውን ጠቅሶ፣ «በሰው አገር፣ በሰው ደጋፊ ፊት አንድም ጊዜ ሳይሸነፉ የተመለሱ ልጆች ከዚህ በላይ ምን ያሳዩ?» አለ።

በዕድሜ የሚበልጡን ሰው ግን አልተቀበሉትም። «ውድድሩ መቼ ለልጆቹ ተብሎ ተዘጋጀና! የ1972ቱ ግጥሚያ 35ኛ ዓመት ይታሰብ ተብሎ ነው እንጂ» አሉ። በዚያ ግጥሚያ የካናዳ አዋቂዎች በሞንትሪያል በሶቭየት ኅብረት 7 ለ 3 ተሸንፈው ጀምረው፣ በሞስኮው ስምንተኛ ጨዋታ 34 ሰከንድ ሲቀር ፖል ሄንደርሰን ባገባው ግብ ማሸነፋቸውን አስታወሱን። ከዚያም በ2007 የተሰለፉት ልጆች ሶቭየት ኅብረት ስትፈርስ አራት ዓመት እንኳ እንዳልሞላቸው ገልጸው፣ «የአባቶቻቸውን ቂም ለምን ያሸክሟቸዋል?» ሲሉ ጠየቁ።

አጠገቤ የነበረችው እህታችን ደግፋቸው የ1987ቱን አነሳች። በቼኮስሎቫኪያዋ ፒየሽታኒ የሁለቱ አገሮች ወጣቶች በጅምላ ተደባድበው፣ አዘጋጆቹ መብራት ቢያጠፉም ድብድቡ ባለመቆሙ ሁለቱም ቡድኖች ከውድድሩ ተሰርዘዋል። ወዳጃችን በ2007 እንዲህ ያለ ነገር አልደረሰም ሲል መለሰ። እሷ ግን ሰዓታቸው በወቅቱ በ12 ይራራቅ ከነበረው ከኦምስክ ወደ ካናዳዋ ዊኒፔግ ተሻግሮ ስምንት ጨዋታ በ14 ቀን መጫወት ለዚያ ዕድሜ ከባድ እንደሆነ ተናገረች፤ በእርግጥ ጉዞው ለሁለቱም ቡድኖች እኩል ነበር።

እኔ በአንድ ነገር ከወዳጃችን ጋር እስማማለሁ፤ ደጋግሞ መጋጠም ከአንድ የፍጻሜ ጨዋታ የተሻለ ሚዛን ነው። በ2011 በቡፋሎው የዓለም ወጣቶች ፍጻሜ ካናዳ ከሦስቱ ክፍለ ጊዜያት የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን 3 ለ 0 መርታ፣ በመጨረሻው 20 ደቂቃ አምስት ግብ ተቆጥሮባት ዋንጫውን ለሩሲያ አስረክባለች። በ2007 ክረምት ግን ካናዳ የተሻለች እንደነበረች ማንም ሊክድ አይችልም። ይሁን እንጂ አምስተኛው ጨዋታ እንዳለቀ አሸናፊው ታውቆ ስለነበር፣ በካናዳ ከተሞች በሳስካቱን፣ በሬድ ዲርና በቫንኩቨር የተደረጉት ቀሪዎቹ ሦስት ጨዋታዎች ከ1972 የተቀዳውን ስምንት ቁጥር ከመሙላት ያለፈ ፋይዳ አልነበራቸውም፤ የተሸነፉት ልጆች ያንን መንገድ ሁሉ ተጉዘው በባዕድ አገር እንዲጫወቱ መደረጋቸው ዛሬም ያሳዝነኛል።

በ2012 መታሰቢያው ያው የ1972ቱ ቢሆንም አዘጋጆቹ ጨዋታውን ወደ አራት ዝቅ አድርገው፣ ሁለቱን በሩሲያዋ ያሮስላቭል፣ ሁለቱን በካናዳዋ ሃሊፋክስ አጫወቱ። ያሮስላቭል ከዓመት በፊት የሎኮሞቲቭ ቡድኗን በአውሮፕላን አደጋ ያጣች ከተማ ናትና፣ እዚያ መጋጠሙ ከቂም ይልቅ ለሐዘንተኞቹ የቀረበ አክብሮት ነበር። አሸናፊው እስከ መጨረሻው ቀን ሳይለይ ቆይቶ ካናዳ ያሸነፈችው በጭማሪ ሰዓት በተገኘ ግብ ነው። ከሁለቱ ውድድሮች ለልጆቹ የተገባው ይህኛው ነው እላለሁ።