ሻምፒዮን የሆነ ክለብ ማደግ አለበት

ሎኮሞቲቭ ላይፕዚግ በ2024/25 የውድድር ዓመት (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) የሰሜን ምሥራቅ ጀርመንን ሬጊዮናልሊጋ በአንደኛነት ጨረሰ። ሬጊዮናልሊጋ ማለት የጀርመን እግር ኳስ አራተኛ እርከን ነው። ዋንጫ ያነሳ ቡድን በቀጣዩ ዓመት ሦስተኛው ሊግ ውስጥ ሊገኝ ይገባው ነበር፤ ሎክ ግን እዚያው አራተኛው እርከን ላይ ቀረ። ከሰሜኑ ሊግ ሻምፒዮን ከሃቨልዘ ጋር ደርሶ መልስ እንዲጫወት ተደረገ፤ የመጀመሪያውን 1 ለ 1 ተለያይቶ፣ በመልሱ በገዛ ሜዳው ተሸነፈ። ዓመቱን ሙሉ የተለፋበት ሻምፒዮንነት በሁለት ጨዋታ ተሰረዘ።

በሃቨልዘ ላይ ቅሬታ የለኝም። ከሃኖቨር አጠገብ ያለ ትንሽ ክለብ ነው፤ እሱም የሊጉ ሻምፒዮን ነበር፤ እሱም ማደግ ይገባው ነበር። ጥፋቱ ያለው ሁለት ሻምፒዮኖችን አጋጥሞ አንዱን የሚያስቀር ደንብ ላይ ነው።

ደንቡ እንዲህ ነው። አራተኛው እርከን በአምስት ሊጎች ተከፍሏል፦ ሰሜን፣ ሰሜን ምሥራቅ፣ ምዕራብ፣ ደቡብ ምዕራብና ባየርን (ባቫሪያ)። ወደ ሦስተኛው ሊግ የሚያስገቡት ቦታዎች ግን አራት ብቻ ናቸው። የምዕራቡና የደቡብ ምዕራቡ ሻምፒዮኖች በየዓመቱ በቀጥታ ያድጋሉ። ሦስተኛው ቦታ ለቀሪዎቹ ሦስት ሊጎች በየተራ ይደርሳል። ተራው ያልደረሳቸው ሁለቱ ሻምፒዮኖች አራተኛውን ቦታ ለማግኘት እርስ በርስ ይጋጠማሉ። ስለዚህ አንድ የድሬስደን ወይም የበርሊን ልጅ ክለቡ አንደኛ ቢወጣ ያድግ እንደሆነ ለማወቅ፣ መጀመሪያ የዘንድሮ ተራ የማን እንደሆነ መጠየቅ አለበት። እኩል ላብ እኩል ዋጋ የማያገኝበት ውድድር ፍትሐዊ ነው ሊባል አይችልም።

ሎክ ይህን ጽዋ ሲጠጣ የመጀመሪያው አልነበረም። በ2020 ኮሮና ውድድሩን ሲያቋርጠው፣ በተጫወተው ጨዋታ ልክ በተሰላ አማካይ ነጥብ ሻምፒዮን ተባለና፣ ያኔ ቀጥተኛ ቦታ ካልነበረው ከምዕራቡ ሊግ ተወካይ ከፌርል ጋር ተገናኘ። ላይፕዚግ ላይ 2 ለ 2፣ በመልሱ 1 ለ 1። ሎክ አንድም ጨዋታ ሳይሸነፍ ቀረ፤ ፌርል ከሜዳው ውጭ ባገባቸው ጎሎች ብልጫ አለፈ። የአውሮፓ እግር ኳስ ማኅበር ያንን የጎል ደንብ በዓመቱ ከውድድሮቹ አስወጣው። በአምስት ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ሻምፒዮን፣ ሁለት ጊዜ ባለህበት እርገጥ!

ይህ ክለብ ማን እንደሆነ ለማያውቅ አንባቢ ታሪኩን ልንገረው። በ1903 የመጀመሪያውን የጀርመን ሻምፒዮና ያሸነፈው የላይፕዚጉ ቪኤፍቢ ነበር፤ ፍጻሜው የፕራግን ቡድን 7 ለ 2 የረታበት ነው። ሎክ የዚያ ክለብ ወራሽ ነው። በምሥራቅ ጀርመን ዘመን፣ በ1987፣ የአውሮፓ ዋንጫ አሸናፊዎች ዋንጫ ፍጻሜ ደርሶ አቴንስ ላይ በማርኮ ቫን ባስተን ጎል በአያክስ 1 ለ 0 ተሸንፏል። ሁለቱ ጀርመኖች ከተዋሐዱ በኋላ የቀድሞ ስሙን መልሶ በ1993/94 ቡንደስሊጋ ገባና በመጨረሻ ደረጃ ወረደ። ከዚያ ዕዳው በዝቶ ከሰረ፤ ቡድኑም ፈረሰ።

ደጋፊዎቹ ግን አልፈረሱም። በታኅሣሥ 2003 ሎክን በራሳቸው እጅ እንደገና አቋቋሙትና በ2004 አስራ አንደኛው እርከን ላይ፣ ከሁሉም ሊጎች ግርጌ፣ መጫወት ጀመረ። በጥቅምት 2004 ከግሮስዶይበን ሁለተኛ ቡድን ጋር ሲጫወት 12,421 ሰው ስታዲየም ገባ። በመጨረሻው እርከን ላይ የሚጫወቱ ሁለት ቡድኖችን ለማየት! ያን ሕዝብ ያመጣው ኮከብ ተጫዋች አይደለም፤ ክለቡ የኛ ነው የሚል ስሜት ነው። በቀጣዩ ዓመት ከቶርጋው ክለብ ጋር መዋሐዱ መንገዱን እንዳሳጠረለት አልክድም። የቀረው ግን በየእሑዱ በትንንሽ ሜዳዎች ተሮጦ የተገኘ ነው። ሜዳው ዛሬም ፕሮብስትሃይዳ ሰፈር ያለው፣ በ1922 የተከፈተውና የእንጨት ትሪቡን ያለው ብሩኖ ፕላኸ ስታዲየም ነው።

እንዲህ ያለ ክለብ ባለማደጉ የሚጎዳው በክብር ብቻ አይደለም። ሦስተኛው ሊግ በመላ አገሪቱ የሚካሄድና የቴሌቪዥን ገቢ የሚከፋፈልበት ነው፤ አራተኛው ላይ ያ ገቢ የለም ማለት ይቻላል። ዕጣው ውድድሩ ካለቀ በኋላ የሚወሰን ሻምፒዮን ለሁለት ሊጎች ሁለት በጀት ይዞ ይጠብቃል፤ ተጫዋቾቹ ደግሞ ውላቸው ሊያልቅ ሲል የት እንደሚጫወቱ ሳያውቁ ሌላ ክለብ ይጠራቸዋል።

የደንቡ ጠበቆች ምዕራቡና ደቡብ ምዕራቡ ብዙ ቡድኖችና ብዙ ሕዝብ አሏቸው ይላሉ። እውነት ነው። ቀጥተኛው ቦታ ሳይሰጣቸው በፊት እነሱም በደንቡ ተሰቃይተዋል፤ የማንሃይሙ ቫልድሆፍ ከ2016 እስከ 2018 ሦስት ዓመት ተከታትሎ በመለያ ጨዋታ ወድቋል። ይሁን እንጂ የአንዱ ሕመም ወደ ሌላው መዛወሩ ፈውስ አይባልም። በ2023 ደግሞ የሰሜን ምሥራቁን ሻምፒዮን ኤነርጊ ኮትቡስን የባየርኑ ኡንተርሃኺንግ አስቀርቶታል።

መውጫው ሁለት ነው። ወይ ከሦስተኛው ሊግ በአራት ፈንታ አምስት ቡድን ይውረድ፣ ወይ አምስቱ ሊጎች አራት ይሁኑ። የመጀመሪያውን የሦስተኛው ሊግ ክለቦች አይወዱትም፤ አንድ ተጨማሪ ቡድን መውረዱ ያስፈራቸዋል። ሁለተኛውን የክልል ማኅበራቱ አይወዱትም፤ ማንም የራሱን ሊግ መከፋፈል አይፈልግም። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ድንበሩ በማኅበራት ሳይሆን በርቀት ይሠመር፤ ክለቦቹ በየዓመቱ በአቀማመጣቸው ይመደቡ፤ አራቱም አንደኞች በቀጥታ ይደጉ። ከሮስቶክ አጠገብ ያለ ክለብ ወደ ሃምቡርግ ቢጓዝ ወደ ቱሪንገን ከመጓዝ አይከፋበትም።

የሰሜን ምሥራቅ ክለቦች «ሻምፒዮን ማደግ አለበት» የሚል ዘመቻ ከፍተዋል። ከሌሎቹ ሊጎች ያሉ ክለቦችም ድምፃቸውን ሊጨምሩ ይገባል፤ በተለይ ዛሬ ቀጥተኛ ቦታ ያላቸው የምዕራቡና የደቡብ ምዕራቡ። የእነሱ ድምፅ ካልታከለበት የጀርመን እግር ኳስ ማኅበር ጉባኤ ደንቡን የሚቀይርበት ምክንያት አይታየኝም።