ስፕሊንት ማሰር ብቻውን ሕክምና አይደለም

በአንጎል ጉዳት ምክንያት እጁ የሚታጠፍበትን ልጅ ይዘው ወደ ሕክምና የሚሄዱ ወላጆች አንዳንዴ የሚመለሱት ስፕሊንት ብቻ ይዘው ነው። ስፕሊንት ከጠንካራ ፕላስቲክ ወይም ከሚለጠጥ ጨርቅ ተሠርቶ የእጅ አንጓንና ጣቶችን አቅንቶ የሚይዝ ድጋፍ ነው። «ሌሊት ሌሊት እሰሩለት» ይባላሉ፤ ከዚያ በኋላ የሚከታተላቸው የለም። ይህን አሠራር አጥብቄ እቃወማለሁ።

ከአንጎል የሚመጣው ትእዛዝ ሲዛባ ጡንቻው ያለ ልጁ ፈቃድ ይኮማተራል። አንጓው ወደ ውስጥ ይታጠፋል፤ አውራ ጣትም መዳፍ ውስጥ ይቀበራል። በታጠፈ አንጓ አጥብቆ መጨበጥ ለማንም ያስቸግራል፤ ጤነኛ ሰውም በራሱ እጅ ሞክሮ ሊያየው ይችላል። ስለዚህ አንጓውን ቀና የሚያደርግ ወይም አውራ ጣቱን ከመዳፍ የሚያወጣ ድጋፍ አንዳንድ ልጆች ዕቃ እንዲይዙ ይረዳል። የስፕሊንትን ጥቅም አልክድም።

ሆኖም ድጋፉ እጁን ይይዛል እንጂ አንጎሉን አያለማምድም። ሴሬብራል ፓልሲ (ገና በማደግ ላይ ባለ አንጎል ላይ በደረሰ ጉዳት የሚመጣ የእንቅስቃሴ ችግር) ባለባቸው ልጆች ላይ የተደረጉ ጥናቶችን ያጠቃለለ፣ እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ግምገማ፣ ስፕሊንት በልምምድ ላይ ሲታከል የሚጨምረው ጥቅም ትንሽ መሆኑንና ድጋፉ ሲቀር ጥቅሙም እንደሚቀንስ አሳይቷል። የተሻለ ማስረጃ ያለው ልጁ ራሱ እጁን ደጋግሞ የሚያሠራበት ልምምድ ነው። አንድ ጎኑ ብቻ ለተጎዳ ልጅ ደህናውን እጅ ለተወሰነ ሰዓት በጓንት ይዞ የደከመውን በጨዋታ ማሠራት፣ ወይም ሁለቱንም እጆች የሚጠይቅ ሥራ መስጠት ይቻላል። ይህ ግን ብዙ ሰዓታትን፣ ትዕግሥትንና ባለሙያን ይጠይቃል። ፕላስቲክ ቀርጾ መስጠት ይቀላል፤ ችግሩም የሚጀምረው እዚህ ላይ ይመስለኛል።

ቀኑን ሙሉ የታሰረ እጅ አይነካም፣ አይዳስስም። ገና ዓለምን በመዳፉ ለሚያውቅ ሕፃን ይህ ቀላል ኪሳራ አይደለም። መናገር የማይችል ልጅ ደግሞ ድጋፉ ሲቆረቁረው ስሞታ ማቅረብ አይችልም። ሲፈታ የሚታየው ቅላት ቶሎ ካልጠፋ ድጋፉ መስተካከል አለበት። ልጅ ያድጋል፤ ከወራት በፊት ልክ የነበረው ዛሬ ይጠብበታል።

ስፕሊንት የሚሰጥ ባለሙያ አስቀድሞ ልጁ በእጁ ምን ማድረግ እንደሚፈልግ ይጠይቅ፤ ማንኪያ መያዝ ነው ወይስ ኳስ መወርወር? ልምምዱን ለወላጆቹ በተግባር ያሳያቸው። የሚመለሱበትን ቀንም ቆርጦ ይንገራቸው፤ በዚያ ቀን ልጁ የተባለውን ማድረግ ካልቻለ ድጋፉ ይቀየር ወይም ይቅር።