በሻማ የሚሠራው ጌም

«በሻማ የሚሠራ ጌም ይዘን መሳቂያ አንሆንም።»

ይህን ያሉት የወጣት ማዕከላችን ኮሚቴ ሰብሳቢ ናቸው። ስማቸውን አልጠራም፤ የማዕከሉንም አልጠራም። ከደብረ ማርቆስ ብዙ የማትርቅ ከተማ ናት ካልኩ ይበቃል። ኮሚቴው ባለፈው ሳምንት ተሰብስቦ ወሰነ። አንድ የአካባቢያችን ልጅ ከውጭ ሲመጣ ለማዕከሉ ይዞለት የመጣው ኒንቴንዶ ዊ የሚባል፣ ሪሞት እያወዛወዙ የሚጫወቱበት የጌም ማጫወቻ ከነአራት ሪሞቱ ይሸጣል። ብር ተጨምሮበት ያገለገለ ፕሌይስቴሽን 4 ይገዛል። ከአንድ ጆይስቲክ ጋር። ሁለተኛው ጆይስቲክ «በጀት ሲፈቅድ» ነው።

በሬውን ሸጦ ጅራፍ የሚገዛ ገበሬ ጎጃም ውስጥ አላጋጠመኝም። ኮሚቴ ግን አጋጠመኝ።

የሻማው ነገር እንዲህ ነው። ዊ ከቴሌቪዥኑ ጋር የሚቀመጥ ቀጭን ዘንግ አለው። ሴንሰር ባር ይሉታል። የማዕከሉን ዘንግ ሽቦ አይጥ በላው። ልጆቹ አበቃለት ብለው ተቀምጠው ነበር። አንዱ ስልኩ ላይ ያየውን ሊሞክር ሁለት ሻማ ገዝቶ መጣ። ቴሌቪዥኑ ፊት፣ ጠረጴዛው ላይ፣ በአንድ ስንዝር ርቀት አቆማቸውና ለኮሳቸው። ስክሪኑ ላይ ያቺ ትንሽ እጅ ብቅ አለች። ሪሞቱን ወደ ግራ ሲለው ወደ ግራ ሄደች። ቤቱ በጩኸት ተናጋ።

ተአምር አይደለም። ስሙ ሴንሰር ይባል እንጂ ዘንጉ ምንም አያይም። ጫፍና ጫፉ ላይ ኢንፍራሬድ የሚባለውን፣ ዓይናችን የማያየውን ብርሃን የሚረጩ ትንንሽ አምፖሎች አሉ፤ ሌላ የለውም። የሚያየው ሪሞቱ ነው። አፍንጫው ላይ ካሜራ አለ። ሁለቱን የብርሃን ነጥቦች እያየ እጅህ ወዴት እንዳነጣጠረ ያሰላል። ውርወራህን የምትለካው ደግሞ ሆዱ ውስጥ ያለች አክስለሮሜትር የምትባል ቅንጣት ናት። ሻማም ኢንፍራሬድ ይረጫል። አለቀ።

ሰብሳቢያችን ገብተው ሻማውን አዩና ሳቁ። ዋሸራን የመሰለ የቅኔ ቤት ባለበት አገር ሰሙን አይቶ ወርቁን መሳት ያስተዛዝባል። ያውም ሰሙ እየነደደ!

ቃለ ጉባኤው ላይ የሰፈረው ምክንያት ደግሞ የባሰ ነው። «ዊ ገበያው የፈረደበት፣ በውድድሩ የተሸነፈ ዕቃ ስለሆነ» ይላል። የተሸነፈ? በማን? ዊ በዓለም ላይ ከ101 ሚሊዮን በላይ ተሸጧል። ፕሌይስቴሽን 3 ከ87 ሚሊዮን በላይ። ኤክስቦክስ 360 ከ84 ሚሊዮን በላይ። ሦስቱም የአንድ ዘመን ተፎካካሪዎች ናቸው። አንደኛ የወጣውን ተሸናፊ ብሎ ማኅተም መምታት እንዴት ያለ ድፍረት ነው? ሰባት ሰው ተሰብስቦ አንድ ስልክ የከፈተ ጠፋ?

ግን እኔን የሚያንገበግበኝ ቁጥሩ አይደለም። ዊ ለምን እንዳሸነፈ አለመገባቱ ነው።

ዊን በሠራው ኒንቴንዶ ቤት ጉንፔይ ዮኮይ የሚባል መሐንዲስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1989 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም እንዲሁ ናቸው) የወጣውን፣ በእጅ የሚያዘውን ጌም ቦይ የሠራውን ቡድን የመራው እሱ ነው። የሚመራበት ሐሳብ ቀላል ነበር። ዘመን ያለፈበትን፣ ርካሽ የሆነውን፣ ጠባዩ ተጠንቶ ያለቀውን ቴክኖሎጂ ውሰድ። ከዚያ ማንም ባላሰበው ቦታ አውለው። ጃፓኖች ይህን ፍልስፍና ይሉታል። እኛ በረባሶ እንለዋለን። የመኪና ጎማ ያረጃል፣ ይቆረጣል፣ በሚስማር ይመታል፣ ጫማ ይሆናል። ጎማው አሮጌ ነው ብሎ በበረባሶ የሚስቅ ሰው በባዶ እግሩ ይሄዳል።

ዮኮይ በ1997 አረፈ። ሐሳቡ ግን ዊ ውስጥ ቁጭ ብሎ ይታያል። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 2006 ፕሌይስቴሽን 3 በ499 እና በ599 ዶላር ሲወጣ፣ ዊ በዚያው ወር በ250 ዶላር ወጣ። ምስሉ እንደነሱ ጥርት ያለ አልነበረም። ኒንቴንዶም ነው አላለም። ጉልበቱን ያዋለው ሪሞቱ ላይ ነበር። አያት የቴሌቪዥን ሪሞት ይዘው ያውቃሉ፤ እንግዲያው ይሄንንም ይይዛሉ ብሎ ነው የተነሳው። ኮሚቴው «ኋላ ቀር» ያለው ይሄ ዕቃ ሲሠራ የሚፈጀው ወደ 18 ዋት ነው። የመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን 3 የዚያን አሥር እጥፍ ያህል ይበላ ነበር። መብራት እንደ ዘመድ እንግዳ ሲያሻው በሚመጣበት ከተማ ይሄ ትንሽ ነገር ነው? ጀርባው ያበጠ አሮጌ ቴሌቪዥን ላይም በቢጫ፣ በነጭና በቀይ ገመድ ይሰካል። የማዕከሉ ቴሌቪዥን ምን ዓይነት እንደሆነ የምታውቁ ታውቃላችሁ።

ተፎካካሪዎቹ ምን አደረጉ? ቀዱ። ያውም መልኩን ቀዱ፣ ምክንያቱን ተዉት።

የፕሌይስቴሽኑ ሶኒ፣ ኒንቴንዶ ሪሞቱን ባሳየ በወራት ውስጥ፣ በ2006 የጸደይ የጌም ትርዒት ላይ፣ ሲክስአክሲስ የሚባል ዘንበል ቀና ሲሉት የሚሰማ ጆይስቲክ ይዞ ብቅ አለ። የድሮው ጆይስቲክ እጅ ላይ መንቀጥቀጡ ግን ቀረ። ለምን ሲባል፣ ንዝረቱ የእንቅስቃሴ መለኪያውን ያውከዋል አለ። በሚቀጥለው ዓመት ሁለቱንም በአንድ ጆይስቲክ አድርጎ ሸጠው። ያወከ ነገር አልታየም። በ2010 ደግሞ ጫፉ ላይ የምትበራ ኳስ ያላትን ሙቭ አመጣ። ካሜራ ለብቻ፣ ሙቭ ለብቻ፣ ለግራ እጅ ሌላ ዱላ ለብቻ። ከዊ ይልቅ አጥርቶ እንደሚለካ አምናለሁ። ግን ያቺ ኳስ ሻማ አይደለችም። ከካሜራው ጋር ካልሆነች ዋጋ የላትም። የሚያናድደው፣ ሶኒ በ2003 አይቶይ የሚባል ካሜራ አውጥቶ ሰውን በባዶ እጁ ያጫወተ ድርጅት መሆኑ ነው። በእጁ የነበረውን አቀዝቅዞ፣ ጎረቤት ሲያሞቀው መሮጥ።

የኤክስቦክሱ ማይክሮሶፍት ባሰበት። ሪሞቱንም ጣለው። «ጆይስቲኩ አንተ ነህ» ብሎ ኪኔክት የሚባለውን ካሜራ በኖቬምበር 2010 አወጣ። በ60 ቀን 8 ሚሊዮን ሸጠ፤ ጊነስ መዘገበለት። የሰውነትን 20 መገጣጠሚያ ይከታተላል። (የጎጃም ትከሻ ፊቱ ቢቆም ምን ይል እንደነበር ሁሌም ያስቀኛል።) ግን ቦታ ይፈልጋል። አንድ ሰው ለመጫወት ሁለት ሜትር ያህል ወደ ኋላ መቆም አለበት፤ ሁለት ሰው ከሆነ የበለጠ። እስቲ የኔን ሳሎን አስቡት። ሶፋ፣ መሐል ላይ ጠረጴዛ፣ ጥግ ላይ ረከቦት፣ በሩ ጋ የአጎቴ የማኛ ጤፍ ጆንያ። ሁለት ሜትር ከየት ይምጣ? ጎረቤት ገብቼ በመስኮት ልጫወት?

ከዚያ ደግሞ የትዕቢት ጥግ መጣ። በ2013 ኤክስቦክስ ዋን ሲወጣ ኪኔክት ፈለግክም አልፈለግክም አብሮ ነበር። ዋጋው 499 ዶላር። ፕሌይስቴሽን 4 ደግሞ 399። ዓመት ሳይሞላ፣ በጁን 2014፣ ያለ ኪኔክት በ399 ይሸጥ ጀመር። በ2017 ኪኔክት መመረቱም ቆመ። የኛ ኮሚቴ ከዚህ ሁሉ የሰማው «ሞተ» የሚለውን ብቻ ነው። ማን እንደገደለው አልጠየቀም። መቶ ዶላር እና ግዴታ ነው የገደለው። ስኳር ለመግዛት ሄደህ ያልፈለግከውን ሳሙና አብረህ ካልወሰድክ አንሸጥም ተብለህ ታውቃለህ አይደል? በሳሙናው ነው ወይስ በሻጩ የተናደድከው?

አሁን ደግሞ የሚያስቀው ይመጣል። ኮሚቴው የሚገዛው የፕሌይስቴሽን 4 ጆይስቲክ ውስጥ ምን እንዳለ ታውቃላችሁ? አክስለሮሜትር አለ። መዞርን የሚለካው ጋይሮስኮፕም አለ። ፊቱ ላይ የምትበራው መብራት እንኳ ካሜራ እንዲከተላት የተሠራች ናት። ከበር ያባረሩትን እንግዳ በመስኮት እያስገቡ ነው። ኒንቴንዶማ ከመንገዱ አልወጣም። ስዊች የተባለው ማጫወቻው ከ150 ሚሊዮን በላይ ሲሸጥ ያው እንቅስቃሴ የሚለካ ሪሞት ግራና ቀኝ ተሰክቶበት ነው። በ2025 የወጣው ስዊች 2ም እንደዚያው። ሞተ የተባለው ነገር በዓለም ዙሪያ በየቤቱ ይወዛወዛል።

«ወጣቱ የሚፈልገው ፊፋ ነው» የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። እሺ። ኳስ በጆይስቲክ ይሻላል፤ በዊ ሪሞት ኳስ መጫወት በማንኪያ ድንች እንደመላጥ ነው። ልጆቹ በሁለት ሳምንት ውስጥ ተቀምጠው አንጓቸውን ብቻ እየነቀነቁ ቴኒስ ማሸነፍ መማራቸውም እውነት ነው። ይቺን ሰጥቻለሁ፤ ሌላ አልሰጥም። ከማዕከሉ በር ወጥታችሁ አስፋልቱን ስትሻገሩ ሦስት ጌም ቤት አለ። ሦስቱም ፊፋ ያጫውታሉ። አራተኛ ጌም ቤት ለመክፈት ኮሚቴ ያስፈልጋል? እነዚያ ቤቶች ውስጥ ደግሞ ሴት ልጅ አይቼ አላውቅም። ሽማግሌ አይቼ አላውቅም።

ማዕከሉ ውስጥ ግን አይቻለሁ። ግቢው በር ላይ ሻይ የሚሸጡት እትዬ አንድ ቀን ማንቆርቆሪያቸውን አስቀምጠው ገቡ። ልጆቹ ሪሞቱን ሰጧቸው፤ ማሰሪያውን አንጓቸው ላይ አጠበቁላቸው። (ይቺ ማሰሪያ ታሪክ አላት፤ በ2006 ሰዉ ሪሞቱን እየወረወረ ቴሌቪዥን ሲሰብር ኒንቴንዶ ወፍራም ማሰሪያ በነፃ መቀየር ነበረበት።) እትዬ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩ። ቦውሊንግ የሚባል፣ ኳስ አንከባልለው አሥር እንጨት የሚጥሉበት ነገር በዕድሜያቸው አይተው አያውቁም። እጃቸውን ወደ ኋላ ሳቡ፣ አንድ እርምጃ ተራመዱ፣ ለቀቁት። አሥሩም ወደቁ። «ውይ እኔን! ምን አድርጌው ነው?» አሉ፣ አፋቸውን በእጃቸው ይዘው። ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይመጡ ነበር። አንድ ጡረታ የወጡ መምህርም ተጨመሩ። የእትዬ ልጅ፣ ሰባተኛ ክፍል ናት፣ ጓደኞቿን ይዛ መጣች።

አንድ ቀን ሰብሳቢያችንም ሞከሩ። ከእትዬ ጋር። ተሸነፉ። ድጋሚ አሉ፤ ድጋሚ ተሸነፉ። በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ይባላል፤ ዊ ግን ገና አይደለም መሰለኝ። የሽያጩ አጀንዳ የተያዘው ከዚያ ቀጥሎ በመጣው ሰኞ ነው። ነገሩ ከዚህ ጋር ይገናኛል አላልኩም። ቀኑን ብቻ ነው የተናገርኩት።

ጨረታው ቅዳሜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ማስታወቂያው በሩ ላይ ተለጥፏል። እኔም እትዬም መምህሩም አዋጥተናል። የሚጎድል ካለ የሰፈሩ ልጆች ይሞላሉ። ኮሚቴው ዘንጉ የተበላሸ ነው ብሎ ዋጋውን ዝቅ እንዲያደርግልን እንጠይቃለን፤ ሻማውን ከቤት እናመጣለን።