ቤዛዊትን አትዝለሏት
ስለ ባሕር ዳር ጉብኝት የጻፋችሁት ጽሑፍ ደስ ይላል፤ ጉብኝቱን በጢስ ዓባይ ፏፏቴ ብቻ መጨረሱ ግን ቅር አሰኝቶኛል። ቤዛዊት ኮረብታ እንዴት ትረሳለች? ከከተማው ብዙም አትርቅም፣ በባጃጅ ይደረሳል። ከላይ ሆናችሁ ስታዩ ዓባይ ከጣና ወጥቶ በዛፎች መሃል ሲጠማዘዝ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ዕድል ከቀናችሁ ጉማሬም ብቅ ይላል። ለፎቶ ጠዋት ይሻላል፤ ፀሐይዋ ከኋላችሁ ስለምትሆን ወንዙም ከተማውም ጥርት ብለው ይወጣሉ። አመሻሹ ለመዝናናት ነው። ፀሐይዋ በከተማው በኩል ስታዘቀዝቅ ውሃው ይቀላል፣ ነፋሱም ልብ ያርሳል። እዚያ ያለውን የአፄ ኃይለ ሥላሴን ቤተ መንግሥት ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት ግን ጥበቃዎቹን ጠይቁ። ደግሞ እባካችሁ፣ የጠጣችሁበትን ሃይላንድ ይዛችሁ ውረዱ። ሳሩ ውስጥ ተጥሎ ሳየው አንጀቴ ያርራል።