ናሙና ውስጥ ያልገባ ሰው

በአገራችን የዋጋ ንረት ደፍሮ ያልነካው አንድ ምርት ቢኖር የኢኮኖሚክስ ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፍ ነው። ጤፍ ይወደዳል፣ ኪራይ ይሰቀላል፤ ርእሱ ግን እንደጸና ይኖራል፦ «የቤተሰብ ቁጠባን የሚወስኑ ምክንያቶች፦ በእገሌ ከተማ የተደረገ ጥናት»። አንዱ በ2008 ዓ.ም. ደሴ ላይ የጻፈውን ሌላው ሐዋሳ ላይ ይወርሰዋል። ሥራው ደሴን ፍቆ ሐዋሳን መተካት ነው። የቸኮለ እንደሆነ ገጽ 37 ላይ ደሴ ተረስታ ትቀራለች። ይህን ስሕተት የሚሉ አሉ፤ እኔ ከተሞችን ማስተሳሰር እለዋለሁ።

የኢኮኖሚክስ አባት የሚባለው አዳም ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1776 ስለ ሥራ ክፍፍል ሲያስረዳ፣ በስፒል ፋብሪካ አንዱ ሽቦ ይስባል፣ ሌላው ይቆርጣል፣ ሌላው ያሾላል ብሎ ነበር። ልጆቻችን አሻሽለውታል፤ ቀዳሚው ጽፏል፣ ተከታዩ ከተማ ይቀይራል፣ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ይጠርዛል፣ አማካሪው ሳይገልጥ ይፈርማል።

መጠይቁ ደግሞ ለብቻው ምስጋና ይገባዋል። 150 አባወራ ፍለጋ በየሰፈሩ መዞር ጫማ ይጨርሳል፣ ከውሻም ያጣላል። ስለዚህ 150ውም አባወራ በአንድ ሌሊት ዶርም ውስጥ ተሰብስበው፣ ብዕር እየቀያየሩ፣ በአንድ ሰው የእጅ ጽሕፈት ይሞሉታል። እንደ እነርሱ ያለ ጨዋ ሕዝብ አላየሁም! ገቢያቸው ሲጨምር ይቆጥባሉ፣ ልጅ ሲበዛባቸው ይቀንሳሉ፤ ልክ መጽሐፉ እንዳዘዘ። (ጎረቤቴ ደመወዝ በተጨመረላት ወር አከራይዋም ጨመረባት፤ ቁጠባዋ ቀነሰ። እንዲህ ያለች ሥርዓት የለሽ ሴት ናሙና ውስጥ አትገባም።)

ደግሞስ «ሌሎች ነገሮች ባሉበት ሆነው» የምትባል፣ ከሚጠናው ነገር በቀር ምንም እንዳልተለወጠ የምታስቆጥር የኢኮኖሚክስ ሐረግ እያለች ምን ያስፈራል? በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲለቀቅ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን ተሻገረ። ነጋዴው ደነገጠ፣ ሸማቹ ደነገጠ። የዶርሙ አባወራዎች ግን በድሮው ገቢያቸው በሰላም መቆጠባቸውን ቀጠሉ። የመጨረሻው ገጽም «የሚመለከተው አካል ትኩረት ሊሰጥ ይገባል» በሚለው የምክር ሐሳብ እንደ ወትሮው ተዘጋ። የሚመለከተው አካል ማን እንደሆነ መጠየቅ ብልግና ነው።

ባለፈው ሳምንት ከተመራቂዎቹ አንዱን ባንክ መስኮት ላይ አገኘሁት። ብሬን በማሽን እየቆጠረ የቁጠባ ሒሳብ እንድከፍት አጥብቆ መከረኝ።

«አንተስ ትቆጥባለህ?» አልኩት።

«እኔ ናሙና ውስጥ አልገባሁም» አለኝ።