ማስተካከያ፦ ቦብ ዲላን ዉድስቶክ ላይ አልዘፈነም

ባለፈው ስለ ሂፒዎች፣ ማለትም በ1960ዎቹ የተለመደውን አኗኗር ትተው ስለ ሰላምና ፍቅር ይሰብኩ ስለነበሩት ወጣቶች ስጽፍ፣ አሜሪካዊው ዘፋኝ ቦብ ዲላን እ.ኤ.አ. በ1969 በዉድስቶክ የሙዚቃ ፌስቲቫል ዘፍኗል ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ፤ ይቅርታ። ያሳሳተኝ ስሙ ነው። ዲላን ኒውዮርክ ግዛት ውስጥ ዉድስቶክ በምትባል ትንሽ ከተማ ኖሯል። ፌስቲቫሉ ግን ስሟን ብቻ ይዞ ቤተል ወደምትባል ሌላ ከተማ ሄደ፤ የተካሄደው በማክስ ያስገር የወተት ላሞች እርሻ ላይ ነው። በመጀመሪያው ምሽት ጊታሯን ይዛ መድረክ ላይ የወጣችው ሌላዋ ዘፋኝ ጆአን ባዬዝ ናት፤ ያውም የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ሆና! ዲላን ፌስቲቫሉ በተካሄደበት ወር መጨረሻ እንግሊዝ፣ አይል ኦፍ ዋይት ደሴት ላይ ተጫወተ።

ዲላንን «የሂፒዎች መሪ» ያልኩትም ይታረም። ወጣቶቹ ዘፈኖቹን የራሳቸው አደረጓቸው እንጂ እሱ መሪነቱን አልፈለገውም። እንዲያውም ሳይጠሩ ቤቱ ድረስ እየመጡ ፍዳውን ያበሉት ነበር።